ሬዲዮኑ ከቡፌው ላይ ከወረደ ወዲህ

ይህ ነገር እናንተም ቤት ሳይደርስ አይቀርም። ከሥራ ደክሞ ወደ ቤት ተገብቶ፣ በር ተከፍቶ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲባል መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። ልጆቹ ተቀይመው አይደለም፤ ሁሉም ጆሮአቸውን በማዳመጫ ደፍነዋል። የእኔዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለተኛዋ ሰሃን እያጠበች ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፤ ትንሹ ደግሞ የቤት ሥራ እየሠራ ነው ይባላል። በመካከላቸው የ72 ዓመት አዛውንት የሆኑት እናቴ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆነው። የልጅ ልጆቻቸው ሲስቁ ይሰማሉ፤ የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። «ምን ተባለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

እኔ ባደግሁበት ቤት አንድ ሬዲዮን ነበረ። ቦታው ቡፌው ላይ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። አባቴ ዜና ሲሉ እኛ ዘፈን እንላለን፤ እንጨቃጨቃለን። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ሁላችንም የምንሰማው አንድ ነገር ነበር። ያ ሬዲዮን ከቡፌው ላይ ከወረደ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቷል። የጠፋው አብሮ መስማቱ ነው።

ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤታችን እቁብ ደረሰኝ። 12 ሰዎች በወር 2,000 ብር የምንጥልበት በመሆኑ 24,000 ብር እጄ ገባ። ከዚህ ውስጥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ከሸፈንሁ በኋላ በቀረው ለቤታችን አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት ወሰንሁ። በኢንተርኔት የሚመጣውን ዘፈን ለሁሉም የሚያሰማ፣ እናቴንም ቀን ቀን ብቻቸውን ሲውሉ የሚያጫውት ይሁን አልሁ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ከተሳሳትሁ በኋላ ግን ቀላል አለመሆኑን ተረዳሁ። እናንተ ያንን እንዳትደግሙ ስል የደረሰብኝን አጫውታችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመው በችኮላ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሐሳቤን ስትሰማ «ገንዘብሽን አታውጪ» ብላ፣ የራሷን ትልቅ ስፒከር ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከችልን። ዕቃው ያማረ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ከበበው፤ እናቴም በእጃቸው ዳበሱት። ትልቁ ልጄ በሶኬት ማለዋወጫ አድርጎ ሰካው። ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይቆይ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ከዚያም ዝም አለ። ወደ ጥገና ቤት ብንወስደው ባለሙያው ገልብጦ ጀርባውን አሳየን። በደቃቅ ጽሑፍ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሶኬት ማለዋወጫ የሚለውጠው የሹካውን ቅርጽ ብቻ እንጂ የመብራቱን ኃይል አይደለም። እናቴ ይህን ሲሰሙ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «የተቃጠለው የልጄ ላብ ነው» አሉ። ለእህቴ ግን ደርሶ በደንብ ይሠራል ብለን ነገርናት። እንደዋሸናት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ይህን ካነበበች አሁን ታውቃለች።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የረቀቀ ነበር። ከጎረቤት በተዋስነው አነስተኛ ባለ ባትሪ ስፒከር፣ በኔ ስልክ አማካይነት ሙዚቃ ማዳመጥ ጀመርን። ማስታወቂያ ሳያቋርጠው ለመስማት በየወሩ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ክፍያው በዶላር ነው። እኛ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለንም። ስለዚህ እህቴ በራሷ ካርድ ከፈለችልን። ልጆቹ ዘፈን እየመረጡ አወረዱ፤ የኛም የሆነ መሰለን። ከሰባት ወር በኋላ አንድ ቀን ሁሉም ተዘጋ። አውርደን ያስቀመጥናቸው ዘፈኖች እንኳ አልከፈት አሉ። ለእህቴ ደውዬ ልወቅሳት ስል፣ ሥራዋን ካጣች አራት ወር እንደሆናት ከአክስቴ ልጅ ሰማሁ። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለኛ ዘፈን ከፍላለች። የቤት ኪራይ ባስጨነቃት ወር እኛ ሳሎን ውስጥ ተደላድለን ስንሰማ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ያሳፍራል፤ እኔንም አሳፍሮኛል።

ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘሁ። በወር ክፍያ የሚመጣ ሙዚቃ የኪራይ ቤት ማለት ነው። ኪራዩ ሲቆም ቁልፉን ያስረክባሉ። መከራየት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ እስከ መቼስ መክፈል እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ከሁለቱ ስሕተቶች በኋላ ባለቤቴና እኔ ተቀምጠን መከርን። ባለቤቴ በየክፍሉ ተቀምጠው በዋይፋይ እርስ በርስ የሚገናኙ ስፒከሮች ይሻሉናል አለ። ትልቁ ልጄ መብራት የሚያበራና መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ፈለገ። ሴት ልጄ በቃል ሲነግሩት የሚታዘዘውን አይነት አለች። እኔም እነዚህን ሁሉ በየተራ አሰብኋቸው።

በየክፍሉ የሚቀመጡት ዋጋቸው ከፍ ያለ ከመሆኑም ሌላ ያለ ዋይፋይ ብዙ አያገለግሉም። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ የኛ ኮንዶሚኒየም ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ነው፤ ሳሎን የተከፈተ ሙዚቃ ወጥ ቤትም ይሰማል። መስኮት የሚያንቀጠቅጠውን በተመለከተ፣ ከላያችንም ከሥራችንም ጎረቤት አለን። በቃል የሚታዘዘውን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት አየሁት። እናቴን ይዣቸው ሄጄ ነበር። እናቴ በአማርኛ «እስቲ ብዙነሽን አሰማኝ» አሉት፤ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቃቸው። ሁለተኛ ጊዜ ሲለምኑት ስለ አየር ጠባይ ነገራቸው። እናቴም «ይኼስ እንግዳ ነው፤ ተዉት ይረፍ» አሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ ጆሮውን ከፍቶ ስሙ እስኪጠራ የሚጠባበቅ መሆኑንም ማወቅ ይበጃል። የያዛችሁ ካላችሁ፣ ማይክሮፎኑን የሚዘጋውን ቁልፍ ፈልጋችሁ እወቁት።

በዚህ መካከል ነበር ዋናው ጥያቄ የተገለጠልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንጠይቅ የነበረው «የትኛው ድምፁ ያምራል?» የሚለውን ነው። መጠየቅ የነበረብን ግን «ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ያ ሰው ብቻውን ሊከፍተው ይችላልን?» የሚለውን ነበር። ሙዚቃው ያለው በኔ ስልክ ውስጥ ነው። እኔ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ስወጣ ስልኬም አብሮኝ ይወጣል። እናቴ እስከ ማታ ድረስ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ይውላሉ። ቤት ውስጥ ሳለሁም ቢሆን ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር ዘፈኑ ይቋረጣል። እናቴን ለማጫወት ብዬ የጀመርሁት ነገር የሚያጫውተው እኔን ብቻ ነበር።

ስለሆነም ወደ መርካቶ ወረድሁ። የያዝሁት የምንፈልገውን በወረቀት ጽፌ፣ አንድ ፍላሽና አሮጌውን የአባቴን ቴፕ ነው። ቴፑን ስለምን እንደያዝሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በመጨረሻ የገዛነው ማጉያው በውስጡ የተሠራ ሁለት መካከለኛ ስፒከር ነው፤ 13,500 ብር አስከፈለን። በብሉቱዝ ከስልክ ይቀበላል፤ የፍላሽና የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው፤ በገመድም ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ በእጅ የሚዞር ትልቅ ቁልፍ አለው። የትልቁን ልጄን የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ያለ ሲም ከጎኑ አኖርነው። ያ ስልክ የቤቱ ነው፤ ከቤት አይወጣም።

እንግዲህ ለመግዛት ያሰባችሁ እንደሆነ፣ እኔ በገንዘቤ የተማርሁትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ዕቃው ከውጭ የመጣ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ወይም ቻርጀሩን አንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ለኛ አገር ይሆናል። «110» ወይም «120» ብቻ የሚል ከሆነ ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር አትንኩት። እዚህ የተገዛም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ይጎዳልና፣ መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ መንቀሉ ልማድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ የሚከፍትላችሁን ዘፈን ሰምታችሁ አትወስኑ። እርሱ የሚያከፍተው ዕቃው የሚያምርበትን ነው። የራሳችሁን፣ ግጥሙን በቃል የምታውቁትን ዘፈን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጉት። ሲጮህ ሁሉም ዕቃ ያምራል፤ መልካም ዕቃ የሚታወቀው ዝቅ ሲል ነው። በዝቅታ የዘፋኙ ቃል ጥርት ብሎ ካልተሰማ ተዉት። የኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ ያለው ነው፤ ከበሮው ቃሉን ከዋጠው ወርቁ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የኢንተርኔቱን ወጪ አስሉት። የሙዚቃ መተግበሪያዎች የድምፅ ጥራት መምረጫ አላቸው። በከፍተኛው፣ ማለትም በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ሙዚቃ 144 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። በ96 ኪሎ ቢት ሲሆን ደግሞ 43 ሜጋ ባይት ያህል ነው። በቀን አራት ሰዓት ብታዳምጡ በወር አንደኛው 17 ጊጋ ባይት፣ ሁለተኛው 5 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ቤተሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዘፈንን በቪዲዮ መክፈት ደግሞ ማንም የማያየውን ሥዕል በገንዘብ መግዛት ነው፤ ልጆቻችሁ ይህን እንዲተዉ ንገሯቸው።

አራተኛ፣ ርቀቱን አስቡ። ብሉቱዝ ክፍት በሆነ ቦታ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ግድግዳ ሲገባበት ያንሳል። ስልኩን መኝታ ቤት ትቶ ስፒከሩ ሳሎን ይቆራረጣል ማለት ስፒከሩን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው። የዋይፋዩን ሣጥንም ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አውጥታችሁ፣ ከፍ ባለና መካከል በሆነ ቦታ አስቀምጡት።

አምስተኛ፣ መብራትም ኢንተርኔትም ለሌለበት ቀን ተዘጋጁ። 32 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ በከፍተኛ ጥራት እንኳ 200 ሰዓት ያህል ሙዚቃ ይይዛል። በእጃችሁ ያለውን በዚያ ላይ አኑሩት፤ ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም። ዘፈኖቹን ግን ባለመብቱ ከሚሸጥበት ግዙ። አንድ አልበም ለመሥራት ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ዘፋኙ ይደክማሉ። ሟቹ የሙዚቃ አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ለሕዝብ ያቀረበው፣ ባለሙያው ከድካሙ እንዲጠቀም በማሰብ ነበር። የሰው እንጀራ በነጻ እየበላን ልጆቻችንን ስለ ሐቀኝነት ልናስተምር አንችልም።

ስድስተኛ፣ የልጆቻችሁን ጆሮ ጠብቁ። የዓለም የጤና ድርጅት በማዳመጫ ለሚሰሙ ልጆች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ፣ ያውም ከ75 ዴሲቤል ያልበለጠ ነው፤ ለአዋቂ 80 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል መለኪያ የለኝም ለምትል እናት የሚያገለግል ቀላል መንገድ አለ። ልጅሽ ማዳመጫውን ሰክቶ አጠገቡ ሆነሽ በተለመደ ድምፅ ስትጠሪው ካልሰማሽ፣ በጣም ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። በማዳመጫ የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ አይድንም። ሙዚቃን ሳሎን ውስጥ አብሮ መስማት ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አባቴ ቴፕ እመለሳለሁ። አባቴ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ትተውልን የሄዱት ቤትና ንብረት የለም፤ በአንድ የጣውላ ሣጥን 43 ካሴቶች ትተዋል። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ እዚህም ሸክላን እየተካ በየቤቱ ገባ። አባቴ ከዘፈን ካሴቶቻቸው መካከል በአንዱ ላይ በገዛ እጃቸው «ሠርጋችን፣ 1968» ብለው ጽፈዋል። የሴት አያቴ እልልታ፣ የሚዜዎቹ ጭፈራ፣ የአባቴም የወጣትነት ድምፅ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። እናቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ማየት አይችሉም። ካሴቱን ግን መስማት ይችላሉ።

ልጆቼ የጥላሁንንም የማሕሙድንም የድሮ ዘፈን በኢንተርኔት ያገኛሉ። ስማቸው በላቲን ፊደል አንድ ቦታ እንዲህ፣ ሌላ ቦታ እንዲያ ስለሚጻፍ በተለያየ አጻጻፍ መፈለግ ይኖርባቸዋል እንጂ ይገኛል። የአባቴን ካሴት ግን የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ ቢፈተሽ አይገኝም። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ50 ዓመት ዕድሜው ክሩ እየሳሳ ነው። ስፒከር ስመርጥ በገመድ ከቴፕ የሚቀበል ካልሆነ አልገዛም ያልሁት ለዚህ ነው። ባለሱቁ «እመቤት፣ ዛሬ ይህን የሚፈልግ የለም» ብሎኝ ነበር። እኔ እፈልጋለሁ አልሁት።

እናንተም በሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት ካላችሁ ቸል አትበሉ። በመጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። የላላውን ክር በእስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ አጥብቁ። የቴፑን ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። በውድ ካሴታችሁ ከመጀመራችሁ በፊት በማያሳሳችሁ ካሴት ቴፑ ክር አለመብላቱን ሞክሩ። ከዚያም ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር የድምፅ ማስገቢያ ገመድ ዘርጉ። «ኦዳሲቲ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይቀዳላችኋል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማቻኮል የለም። ሳይጨመቅ ከተቀመጠ ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። ሲያልቅ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አኑሩት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል።

እኛ ይህን ያደረግነው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ገመዱን የዘረጋው ያ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ስፒከር ሲመኝ የነበረው ትልቁ ልጄ ነው። መጀመሪያ የተሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ እልልታ መጣ። ከዚያም አንድ ወጣት ወንድ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ቴፑን እንዳትረግጡት!» ብሎ ሲጮህ ተሰማ። እናቴ እጃቸውን ወደ ስፒከሩ ዘርግተው «እሱ ነው» አሉ። ሴት ልጄ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ትንሹም መጣ። ማዳመጫቸውን መቼ እንዳወለቁ አላየሁም። «ይህቺ የምትዘፍነው ማን ናት? ያ የሚስቀውስ?» እያሉ አያታቸውን ጠየቁ። እናቴ አንድ በአንድ ስም እየጠሩ መለሱላቸው። ከዚያ ወዲህ «ምን ተባለ?» የሚሉት ልጆቹ ናቸው።

ቅጂውን ለእህቴም ላክንላት። እርሷ አሁን ሌላ ሥራ አግኝታለች። እንደ ቀድሞው ልክፈልላችሁ ብላ ነበር፤ እኛ ግን አመስግነን እንቢ አልን። ማስታወቂያ እያቋረጠውም ቢሆን እንሰማለን። እናቴ ጠዋት እኔ ከመውጣቴ በፊት አሮጌውን ስልክ ሳስተካክልላቸው፣ ቁልፉን ራሳቸው በእጃቸው ያዞሩታል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ያደርጉታል።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ ቀን ቀን ቤታችሁ የሚውለውን ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ቀጥላችሁም ከአልጋ ሥር ያለውን የካሴት ሣጥን አውጡና ምን እንደተጻፈበት አንብቡ። የምትገዙትን ዕቃ የሚመርጥላችሁ ከዚያ የምታገኙት መልስ ነው።